ሳንቃ በብብት

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ስሙን ከነገርኳችሁ «እኛን አይደለም» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ሩቅ ነው ካላችሁ ሩቅ ይሁን፤ ቅርብ ነው ካላችሁም አልከራከርም።

ያ አገር በጥልቅ ገደል ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከወዲህ በኩል ቤቱና እርሻው፣ ከወዲያ ማዶ ገበያው፣ ወፍጮውና የዳኞች አደባባይ። ሁለቱን የሚያገናኘው በጠፍር ገመድ የተንጠለጠለ አንድ ረጅም የሳንቃ ድልድይ ነው። ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የለም። የሠራው ሰው ግን መግቢያው ላይ ባለው ድንጋይ «ድልድዩ የሁላችሁም ነው። ተሻገሩበት፤ የላላውን አጥብቁ፤ የጎደለውን ሙሉ» ብሎ ቀርጾበት ሄዷል። ሕዝቡ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ «ተሻገሩበት» የምትለዋን ጥሩ አድርጎ ያነብባል።

እንግዳ ሰው እዚያ አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚገርመው የሰዉ አካሄድ ነው። ሁሉም በብብቱ ሳንቃ ይዟል። ሙሽራው ሳንቃ ይዟል፣ ለቀስተኛው ሳንቃ ይዟል፣ ዳኛው ሳንቃውን ለአሽከሩ አሸክሟል፣ አሽከሩ ደግሞ በሌላኛው ብብቱ የራሱን ሸጉጧል። እንግዳው የአገር ባህል ልብስ ይመስለውና ዝም ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድልድዩ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ወልቋል። መንገደኛው ከቀዳዳው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሳንቃ ያጋድማል፣ ረግጦት ያልፋል፣ ዞር ብሎ ሳንቃውን ያነሳል፣ በብብቱ መልሶ ይሸጉጥና ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሄዳል። ከኋላው ያለውም እንደዚያው። በገበያ ቀን ሦስት ሺህ ሰው እያንዳንዱን ቀዳዳ ሦስት ሺህ ጊዜ ይደፍናል፣ ሦስት ሺህ ጊዜም መልሶ ይከፍታል። «ታዲያ ለምን ሳንቃህን እዚያው አትተወውም?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ቢኖር በአዘኔታ ያዩታል። እንግዳ አይደል፣ ምን ያውቃል?

ድልድዩን የሚጠግን ሰው ጨርሶ አልነበረም ብል ግን እዋሻለሁ። አንድ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ሽበሺ ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን በገመድ አስረው ከድልድዩ ሥር ይንጠለጠላሉ። አንዱን ሳንቃ ሲያስሩ ሌላው ይወልቃል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ከአሥራ አንድ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ከላይ የሚያልፈው ሰው «ጋሼ፣ አምስተኛው አሁንም አልተሠራም እኮ!» ይላቸዋል። «ጋሼ፣ ሃያኛው ሲረገጥ ይጮኻል!» ይላቸዋል። «እግዜር ይስጥልን» ያለም ይኖር ይሆናል፤ እሳቸው አልሰሙም። ከሥር ነፋስ አለ።

የእሳቸው ልጅ አንጓች ትባላለች። ባለፈው ክረምት አባቷ አዳልጧቸው ከጠዋት እስከ ቀትር በወገብ ገመዳቸው ተንጠልጥለው ውለው ነበር። ምሳ ይዛላቸው ስትሄድ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እጃቸው ደንዝዞ አገኘቻቸው። በዚያ ሁሉ ሰዓት አርባ የሚሆን ሰው ከላያቸው አልፏል፤ አርባውም ስለ አምስተኛው ሳንቃ ነግሯቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አንጓች ደጅ ወጥታ ወደ ድልድዩ ታያለች። አሁን ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጅቷ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዝናቡ ሳይመጣ አባቷን ከድልድዩ ማውረድ።

እንቅፋቱ ሕጉ ነው። ጠጋኝ የሚሆን ሰው በገዛ ፈቃዱ ይገባል፤ ምትክ ሳያቀርብ ግን አይወጣም። ምትኩ ደግሞ ልጁ ሊሆን አይችልም፤ ያ አገር «እኛ ዘንድ ድልድይ በዘር አይወረስም» እያለ ይኮራላ። እዚያ አገር በዘር የማይወረስ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

አንጓች መጀመሪያ የሄደችው ቤተ ሳንቃ ወደሚባለው ትልቅ አዳራሽ ነው። የአዳራሹ ሹም ሊቀ ሳንቃ ወንድይራድ በዕድሜያቸው አንድ ሳንቃ አስረው አያውቁም፤ ስለ ሳንቃ ግን ከእሳቸው በላይ የሚናገር የለም።

«ጌታዬ፣ ሰው ለምን አይመጣም?» አለቻቸው።

«ይህን ጥያቄ እኛም ጠይቀናል፣ ልጄ። ንጉሡ ራሳቸው ጠይቀዋል። ሰባት አዋቂዎች ለሰባት ወር መርምረውታል።»

«ምን አገኙ?»

«ሕዝቡ ሰነፍ ነው።»

«ሰነፍ ቢሆን ዕድሜ ልኩን ሳንቃ ተሸክሞ ይዞር ነበር?»

ሊቀ ሳንቃው ጢማቸውን ዳበሱ። «እሱን እንዲመረምሩ አልታዘዙም» አሉ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ የሆነውን አንጓች በደንብ ታውቃለች። «በመስከረም ወር ድልድዩ ላይ እንጨት ላጋደመ ሁሉ ቀይ ኮፍያ ይሰጠዋል» ተብሎ ታወጀ። አገሩ ነቅሎ መጣ። ሳንቃ ግን አልመጣም። አንዱ ስንጥር ይዞ መጣ፣ አንዱ የማገዶ ፍላጭ፣ አንዱ የመፋቂያውን ግማሽ ድልድዩ ላይ ሰክቶ ኮፍያውን ተቀብሎ ሄደ። ጋሽ ሽበሺ ያንን ሁሉ ስንጥር ሲነቅሉ ኅዳር ገባ፤ መዳፋቸውም እስከ ገና ሲመግል ቆየ።

«ኮፍያው ከንቱ ቀረ አይባልም» አሉ ሊቀ ሳንቃው። «ቢያንስ ሕዝቡ ኮፍያ አለው።»

«እሺ፣ ዛሬ አንድ ሰው ደህና ሳንቃ ይዞ ቢመጣስ ምን ይደረግለታል?»

ሊቀ ሳንቃው ፊታቸው በራ። የሳንቃ ሕግ የተጻፈበትን መጽሐፈ ርብራብን በሁለት እጃቸው አንስተው ፊቷ ዘረጉት። አርባ ሁለት ምዕራፍ አለው፤ ዘጠኙ ሳንቃው ተጠቅልሎ ስለሚመጣበት ጨርቅ ነው። ባለ ሳንቃው በመጀመሪያ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። እስከ መቼ? እስኪታይ ድረስ። ከዚያ የሳንቃው ጉጥ ወደ ፀሐይ መውጫ መዞር አለመዞሩ ይጣራል፤ ካልዞረ ባለቤቱ ሄዶ ዛፉን በትክክል እንዲተክል ይመከራል። ቀጥሎ የእንከን ቀን ይባልና ሳንቃው አደባባይ ላይ ይዘረጋል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አንድ አንድ እንከን ያወጣለታል። እንከን ያላገኘ ሰው ዓይኑ እንደታመመ ስለሚቆጠር ሁሉም ያገኛል። ይህን ሁሉ ያለፈ ሳንቃ የባለቤቱ ስም ተቀርጾበት ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሳንቃው በጮኸ ቁጥር ባለቤቱ ይጠራል፤ ከሠርግም ላይ ቢሆን፣ ከቀብርም ላይ ቢሆን።

«እስከ መቼ?» አለች አንጓች።

«አይ ልጄ፣» አሉ ሊቀ ሳንቃው በፍቅር፣ «ስሙ ተቀርጿል እኮ።»

ከዚያ ወጥታ ጎረቤቷ ዘርይሁን ጋ ሄደች። ዘርይሁን ባለ ሰባት በር ከሚባለው ጌታ ግቢ የሚሠራ እጀ ወርቅ አናጢ ነው። የጌታው በቅሎዎች፣ ነጂዎቹ ሳንቃ እያጋደሙላቸው፣ በቀን መቶ ጭነት በዚያ ድልድይ ያሻግራሉ። አናጢው የሳንቃ ነገር ሲነሳበት ግራ ቀኙን አየ።

«እኔማ በወደድኩ፣ አንጓችዬ። ግን ስቀጠር ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜያለሁ። እጄ የጌታዬ ነው። እቤቴ ቁጭ ብዬ ለልጄ መቀመጫ ዱካ ብጠርብ እንኳ ዱካው የእሳቸው ነው። ድልድዩ ላይ ሳንቃ ባስር 'ድልድዩ የእኔ ነው' ይሉና ሌላ ጣጣ ይመጣል።»

«ለጌታህ ንገራቸዋ! መቶ ጭነታቸው እኮ ገደል ይገባል።»

«ተይኝ እባክሽ። ዝም አይነቅዝም።»

«ሳንቃው ግን ይነቅዛል» ብላው ሄደች።

ሦስተኛዋ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። በጀርባቸው ገንቦ፣ በብብታቸው ሳንቃ ይዘው በየሳምንቱ ይሻገራሉ። አንጓች ግቢያቸው ስትገባ ሳንቃቸው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሳታስበው አነሳችውና አገላበጠችው። እግር እንዳያዳልጥ ላዩ በጥሩ ሁኔታ ተፈልፍሏል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ገመዱ የሚቀመጥበት ልክ ተቦርቡሯል። ከአባቷ ሳንቃዎች አንዱም እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ሠራልዎት?»

«ማን ይሠራልኛል? ራሴ ነኛ። የሸክላ እጅ እንጨት አይፈራም።»

«ታዲያ ለምን እዚያው አያስሩትም?»

እትዬ ደብሪቱ ጭቃቸውን ማሸት ቀጠሉ። አንጓች ስትወተውታቸው ቆይታ መለስ አሉና «አንድ ጊዜ ወስጄ ነበር፣ ከስድስት ዓመት በፊት» አሉ። «ጉጡም ዞረልኝ፣ ጨርቁም ሰመረልኝ። እንከን ቀን ላይ ግን አንድ ሰው ሳንቃዬን አየና 'ይሄ ሳንቃ ሳይሆን ቀንበር ነው፤ በሬ ፈልጊለት' አለኝ። አደባባዩ በሙሉ ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለ ቀንበሯ ስባል ኖርኩ። ከዚያ በኋላ ማን እብድ ነው የሚወስድ!»

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«ይንገሩኝ እንጂ!»

«አባትሽ ናቸዋ» አሉ ደብሪቱ፣ ቀና ሳይሉ።

አንጓች የመጣችበትን መንገድ ተመለሰች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቱን በአገሩ ሕዝብ ላይ አከፋፍላ ጨርሳ ነበር፤ አሁን ድርሻው ቤቷ ድረስ መጣባት። አፍራለች፤ በአባቷም ጠልታቸው ሳይሆን አሳዝነዋት ተናዳለች። እቤት ስትደርስ ጋሽ ሽበሺ ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ ነበር።

«አባዬ፣ እትዬ ደብሪቱን ምን ብለህ ነው የመለስካቸው?»

«የቷ ደብሪቱ?»

«ሸክላ ሠሪዋ። ሳንቃቸውን ቀንበር ነው ያልካቸው።»

አሰብ አደረጉ። «ጠማማ ነበራ» አሉ።

«ስንቱን እንዲህ ብለሃል?»

«ጠማማ ያመጣውን ሁሉ። ምን ላድርግ ልጄ? ድልድይ ነው፣ ቀልድ አይደለም። ደግሞ የደከመው ሰው አፉ ማር አይወጣውም። ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥዬ ውዬ ለማባበል ጉልበት ከየት ላምጣ?»

«ስለደከመህ ሰው ታባርራለህ፤ ሰው ስለሌለህ ይደክምሃል። ዝናቡ ሲመጣስ?»

ጋሽ ሽበሺ ቅቤውን ከደኑና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ረፋዱ ላይ ድልድዩ ሰው በሰው ነው፤ እንደተለመደው ያጋድማል፣ ይራመዳል፣ ያነሳል። ጋሽ ሽበሺ መሀል ላይ ከድልድዩ ሥር ገብተዋል። አንጓች ጥቂት እርምጃ ከኋላቸው ናት። ድንገት የአንድ ጠፍር መበጠስ ተሰማ፤ ከዚያም ስድስት ሳንቃ ተከታትሎ ወደ ገደሉ ረገፈ። እላያቸው የነበሩት ሰዎች ገመዱን ይዘው ተረፉ። ጩኸቱ ጋብ ሲል መሀሉ ላይ የሚያዞር ክፍት ቦታ ቀርቷል፤ ከመሀሉ ሥር ሽማግሌው በወገብ ገመዳቸው ብቻ ተንጠልጥለው እንደ ቅል ይወዛወዛሉ።

«አባዬ!» አለች አንጓች። ሳንቃዋን በሁለቱ ገመዶች ላይ አጋደመች፤ አንድ እርምጃ ሆነ። አባቷ ጋ ለመድረስ ግን አንድ እርምጃ ምን ይረባል? ወደኋላ ዞራ «ሳንቃ አቀብሉኝ!» ብላ ጮኸች።

የአገሩ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልመስክር። ከኋላዋ የነበረው ሰው ሳንቃውን አቀበላት፤ ከእሱ ኋላ ያለው ለእሱ አቀበለ። ከወዲያ ማዶ የሚመጡትም ከእነሱ በኩል ማጋደም ጀመሩ። ሴቶቹ መቀነታቸውን ፈትተው እንዳይንሸራተት ከገመዱ ጋር አሰሩት። የሚደንቀው ማንም ማንንም አላስተማረም፤ ሁሉም ሳንቃ ልኩን ያውቃል፣ ሁሉም እጅ አሠራሩን ያውቃል። አፍታ በማይሞላ ጊዜ ክፍቱ ተደፍኖ ሽማግሌውን ብብታቸውን ይዘው ስበው አወጧቸው። ጋሽ ሽበሺ ቆሙ። አንጓች አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

እያለቀሰች ሳለ አንድ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ ከአባቷ እግር ሥር መቀነት ሲፈታ አየችው።

«ይቅርታ ጋሼ፣» ይላል ሰውየው በትሕትና፣ «እግርዎን አንዴ ያንሱልኝ። ገበያ ረፍዶብኛል።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች አንጓች። «እላዩ ላይ ቆመው እኮ ነው!»

«ሳንቃው የኔ ነው...»

«ዛሬ ሳንቃ የሚያነሳ ሰው ካለ እኔን ገደል ከትቶ ያንሳ!»

ነጋዴው እጁን ሰበሰበ። ከኋላ የነበረች ገንቦ የተሸከመች ልጃገረድ ነገሩን ስላላየች ዝም ብላ መጣችና ሳትጎነበስ፣ ሳታጋድም፣ ሳታነሳ በዚያ ሁሉ ሳንቃ ላይ ሄዳ ክፍቱን ተሻገረች። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ አያት። እንዲህ ዓይነት መሻገር አይቶ አያውቅም ነበር።

ሊቀ ሳንቃ ወንድይራድ መጽሐፋቸውን አሸክመው ደረሱ። ቆመው ሳንቃዎቹን ቆጠሩ፤ የብብት ሳንቃ ጠባብ ነውና አሥራ አራት ናቸው። ጉጡ ወዲህ የዞረ አለ፣ ወዲያ የዞረ አለ፣ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም።

«የማን ናቸው?» አሉ።

የመለሰ የለም። ባለቤት መሆን ማለት ዕድሜ ልክ መጠራት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«ይሄስ የአንተ አይደለም?» አሉት ነጋዴውን።

«የኔ? እኔ ሳንቃ የለኝም ጌታዬ» አለ ነጋዴው፣ ባዶ ብብቱን እየገለጠ።

«ያንተስ?»

«ሳንቃ ምንድን ነው?» አለ ከጎኑ ያለው፣ ነገሩን አብዝቶት።

«እንግዲያው» አሉ ሊቀ ሳንቃው መጽሐፉን እያገላበጡ፣ «ባለቤት የሌለው ሳንቃ ይነሳል ይላል። ጋሽ ሽበሺም ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ቀዳዳው አሥራ ሰባት ሆኗል።»

አንጓች አባቷን አየቻቸው። የወገብ ገመዳቸውን መፈተሽ ጀምረዋል። «እኔ ልተካህ ብል ልጅህ ነኝ፤ አይቆጠርልኝም» አለችና ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ይጥፋ? አንድ?»

ከወዲያ በኩል ጉሮሮ መጥረግ ተሰማ።

«አራተኛው የኔ ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ፊታቸው ቀልቷል። «ጠማማ ነው፤ አውቃለሁ።»

ሕዝቡ ዞሮ አያቸው። ሊቀ ሳንቃው ብርዕ አወጡ። «መልካም። ሕጉ በሚያዘው መሠረት እንከን ይነገር። መጀመሪያ የሚናገረው ጠጋኙ ነው።»

ጋሽ ሽበሺ የቆሙት አራተኛው ሳንቃ ላይ ነበር። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱት። ጠርዙን አዩት፣ ለገመዱ የተቦረቦረውን አዩት፣ በተረከዛቸው ሁለት ጊዜ መቱት።

«ጠማማ ነው» አሉ።

ደብሪቱ አንገታቸውን ደፉ።

«የእኔ የመጀመሪያው ሳንቃ» አሉ ጋሽ ሽበሺ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዚህ ሦስት እጥፍ ይጣመም ነበር። በታሰረ በሁለተኛው ቀን ተሰብሮ የሰው ፍየል ይዞ ገደል ገባ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያስተማሩኝ ሰውዬ ሊገርፉኝ ነው ስል፣ ስቀው ስቀው ሲያበቁ 'በል ሌላ ጥረብ' አሉኝ። ይሄኛው ግን እንኳን ፍየል፣ እኔንም ይዟል። እኔ ግን ለዚች ሴት 'ሌላ ጥረቢ' ማለት አቅቶኝ በአደባባይ አሳቅሁባት። እንከኑ የእኔ ነው፤ እሱን ጻፉልኝ።» ከዚያ የወገብ ገመዳቸውን ፈቱና ወደ ደብሪቱ ዘረጉት። «ነይ እህቴ፣ ብቻሽን አትንጠለጠይም። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አሳይሻለሁ፤ ጠማማውን ቀስ እያልን እናቃናዋለን።»

ሊቀ ሳንቃው «እንከን የጠጋኝ ሲሆን» የሚል ምዕራፍ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ፤ እስካሁንም እየፈለጉ ነው ይባላል። ደብሪቱ ገመዱን ተቀበሉ። አንጓች አባቷን በክንዳቸው ይዛ፣ በሰው ሳንቃ ላይ እያራመደች፣ ዳር አድርሳ ሣር ላይ አስቀመጠቻቸው።

አገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ ብዬ ልዋሽላችሁ አልፈልግም። በማግስቱ ከአሥራ አራቱ ሳንቃዎች ስምንቱ አልነበሩም፤ ባለቤቶቻቸው ተደብቀው መጥተው ወስደዋቸዋል። ሳንቃ በብብት መያዝም አልቀረም። ሰባት ሰዎች በሳምንቱ ሥራውን ለማየት ብለው መጡ፤ አራቱ ምክር ሰጥተው ሄዱ፣ ሁለቱ ኮፍያ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የቀረው ዘርይሁን ነው። እሁድ እሁድ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ይመጣል፤ ያስራል፣ ያጠብቃል፣ ስሙን ሳይቀርጽ ይሄዳል። እንግዲህ ደብሪቱና ዘርይሁን፣ ሁለት ሰው። የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ጋሽ ሽበሺ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው «ያቺ ሴትዮ ጠፍሩን ከማሰሯ በፊት አላረጠበችውም መሰለኝ» እያሉ ሲነጫነጩ፣ አንጓች ከጓዳ ሆና ትሰማቸዋለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ሰው ጥቂት ነው የምትሉ እናንተ ናችሁ። አንጓች ጣራው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማች፣ አባቷ ደረቅ ልብስ ለብሰው ሲነጫነጩ እየሰማች፣ ሁለት ሰው አነሰ ብላ አታውቅም።